ዱቤ የሚጽፍ ፈረንጅ

ፈረንጅ ሱቅ ሊከፍት ነው ተብሎ ሰፈራችን አንድ ሰሞን ታምሶ ነበር።

ችርቻሮ ንግድ ለዓመታት ለአገር ልጅ ብቻ ተብሎ ታጥሮ ኖሯል። የ2012ቱ የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተዉትን ሥራዎች ይዘረዝራል። አስመጪነትና ጅምላ ንግድ ቢኖሩበት ይሁን። ግን ወፍጮ ቤትም አለበት። ፀጉር ቤትም፣ ልብስ ስፌትም። በኢንቨስትመንት አዋጁ ደግሞ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር ይዞ መምጣት አለበት። እስቲ አስቡት፣ ያን ሁሉ ዶላር ይዞ ከአውሮፓ ድረስ መጥቶ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኖ፣ "ጤፍ ነው ስንዴ?" እያለ ወረፋ የሚያስይዝ ሰው! መንግሥት ግን ሊመጣ ይችላል ብሎ ሰግቶ አስቀድሞ በሩን ዘግቶበታል።

በ2016 ዓ.ም. ታዲያ የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 አወጣና ወጪ፣ ገቢ፣ ጅምላና ችርቻሮ ንግዱን ከነቅድመ ሁኔታው ለውጭ ባለሀብት ከፈተው። ማዳበሪያና ነዳጅ ማስመጣትን ግን አልነካም። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ግን ቅድመ ሁኔታው መንገድ ላይ ጠፍቶ "ሱቃችንን ሸጡት" ሆኖ ደረሰ።

ባለሱቃችን ከዚያ ወዲህ ሰው መስኮቱ ላይ በቆመ ቁጥር ስለ አገር ሉዓላዊነት ያስረዳል። ከጀርባው የቻይና ባትሪ፣ የህንድ ሩዝ፣ የቱርክ ብስኩትና የማሌዥያ ዘይት ተደርድሯል። አገር በቀል የሆኑት እሱና በርበሬው ብቻ ናቸው።

"አይዞህ፣ እዚህ ሰፈር አይችሉትም" አልኩት። የምሬን ነው። ያን ቀን እንኳ አንዲት ልጅ መጥታ "ሱቆች!" ብላ የሃያ ብር ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ ድልህና ግማሽ ሳሙና አዘዘች። ዘይቱን በስስ ፌስታል ቋጠረላት። ሳሙናውን በቢላ ሲከፍል ወደ እሷ ያለው ትንሽ እንዳነሰ አይታ "ያኛውን ስጠኝ" አለችው። ቀየረላት። ሒሳቡ ላይ ሲደርሱ "እማዬ ጻፍ ብላለች" ብላ ሮጠች። ይሄን የትኛው ኮምፒውተር ይመዘግበዋል?

የዱቤ ደብተሩ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። በስም የተጻፈ የለም። "ቀይ በር"፣ "የወታደሩ ሚስት"፣ "ከርሞ ከፋይ" ነው የሚለው። እኔ ምን ተብዬ እንደተጻፍኩ አንድ ጊዜ አጮልቄ አይቼ ሰንብቼ ነው የታረቅኩት። ከራስጌው ደግሞ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ" የሚል ካርቶን ሰቅሏል፤ እሱን አምኖ የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም።

ለነገሩ የውጭ ዜጋ ማን እንደሆነም እሱ ጋ የሚለካው በሌላ ነው። የጎረቤታችን ልጅ እዚሁ መስኮት ሥር ከረሜላ ሲገዛ አድጎ አሜሪካ ገባ፣ ፓስፖርቱንም ቀየረ። ለሕጉ ፈረንጅ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ አወጣና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር በቃ። ባለሱቃችን ግን ቢጫ ካርድ አያውቅም። ልጁ ውሃ ሊገዛ ሲመጣ ዋጋው በዶላር ታስቦ ይነገረዋል።

"አይችሉትም" ያልኩት ነገር ግን እያደር ከነከነኝ። አያቶቻችን ስኳርና ላምባ የሚገዙት ከአረብ ሱቅ አልነበር? የመናዊው ነጋዴ ዶላርም ፕሮጀክትም ሳይኖረው አማርኛውን ለምዶ፣ ቆንጥሮ መሸጡን ችሎበት፣ ሰፈርተኛውን ከነአባቱ ስም ያውቅ ነበር። የዛሬውስ ፈረንጅ ምን ጎድሎት ነው የማይለምደው?

ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደኝ። ባለሱቃችን የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ከዚያ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዙ ነው፣ ሥራቸውም በአብዛኛው ይሄው ነው፤ ጥቁሮቹ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ ስኳር በትንሽ በትንሹ። በኅዳር 2017 ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ራማፎዛ የሰፈር ሱቆች በሙሉ በ21 ቀን እንዲመዘገቡ አዘዙ። ክርክሩ ግን ከምግቡ አልፎ "ሱቁ ለዜጋ ብቻ ይሁን" ወደሚለው ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም።

ትናንት ዳቦ ልገዛ ስሄድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያወራል። ሲጨርስ "ወንድምህ ደህና ነው?" አልኩት።

"ደህና ነው ጋሼ። ወረቀት ምናምን እያሉ ያሰቃዩታል እንጂ። ምቀኞች! ሰው ሠርቶ ሲበላ ምን ያማቸዋል?"

"እዚህ ሊከፍት የሚመጣውስ ፈረንጅ?"

"እሱማ እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው የሚመጣው።"

"ታዲያ እነሱስ ያንተን ወንድም እንደዚያ ቢሉት?"

ዳቦውን ፌስታል ውስጥ ከተተና በጣም እንደተሳሳተ ሰው አየኝ።

"ኧረ ጋሼ! ወንድሜ እኮ ዱቤ ይጽፍላቸዋል!"