የኦንላይን ፖከር እንጀራ ይሆናል?

ላስ ቬጋስ የሚኖር አንድ የቅርብ ዘመዴ ባለፈው ክረምት ደውሎ፣ ከሰላምታውና ከቤተሰብ ወሬው በኋላ፣ ሲያመነታበት የቆየውን ጥያቄ አነሣብኝ። ቀን ቀን በመተግበሪያ እየተጠራ ሰው ያመላልሳል፤ ማታ ማታ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ፖከር የተባለውን የካርታ ቁማር ይጫወታል። «ጋሼ፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ መኪናውን አቁሜ ሙሉ ጊዜዬን ለፖከር ብሰጠው ኑሮ ይሆነኛል?» አለኝ። ቁማር ነው ብዬ ገሥጬው ስልኩን መዝጋት እችል ነበር፤ እናቱ ብትሰማ የምታደርገውም ይህንኑ ነው። እርሱ የጠየቀኝ ግን ስለ ኃጢአት ሳይሆን ስለ ገቢ በመሆኑ፣ መልሱም በገቢና በወጪ ሒሳብ ሊሰጠው ይገባል። ተመሳሳይ ሐሳብ በልባቸው የሚያመላልሱ ሌሎች ወጣቶች መኖራቸውን ስለማውቅ፣ ለእርሱ ያልኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ጨዋታውን አልበድለውም። ፖከር ከሎተሪም ሆነ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ተከፍተው ከነበሩት የስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚለይበት ነገር አለው። በሎተሪና በውርርድ ተጫዋቹ የሚገጥመው አጫዋቹን ድርጅት ነው፤ ክፍያውን የሚተምነውም ድርጅቱ ራሱ ስለሆነ፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥር አብዛኛው ተጫዋች መበላቱ አይቀርም። በፖከር ግን ተጫዋቾች የሚጋጠሙት እርስ በርሳቸው ነው፤ መቼ ማስያዝ፣ መቼ መጨመር፣ መቼ ካርታን ጥሎ መውጣት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው ውሎ አድሮ ይበላዋል። ይህን አልክድም። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ እውነት ነው፤ ለመብላት የሚበላ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ «ጎበዝ ነኝ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ፣ ከእኔ የባሰ ተጫዋች ገንዘቡን ይዞ ከየት ይመጣል፣ ገንዘቡስ ከእርሱ ኪስ ወደ እኔ ኪስ እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ ስንት እጅ ይቆርሰዋል ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ብዙዎቻችን ካርታ የለመድነው ቤት ውስጥ ኮንከር ስንጫወት ነው። በዚያ ጨዋታ አንዱ የተበላውን ሌላው ይዞታል፤ ዛሬ የተበላ ነገ ያስመልሳል፤ ገንዘቡም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲዞር ያመሻል። የኦንላይን ፖከር ጠረጴዛ ግን ቀዳዳ አለው። አጫዋቹ ድረ ገጽ በየዙሩ መሐል ላይ ከሚከማቸው ገንዘብ፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ያህሉን ለራሱ ያነሳል፤ 40 ዶላር ከተከማቸ 2 ዶላር ማለት ነው። በችሎታ ፍጹም እኩል የሆኑ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ይዘው ቢቀመጡና ሳይነሡ ቢጫወቱ፣ ውሎ አድሮ የ600 ዶላሩ አብዛኛው አጫዋቹ ዘንድ ይገኛል። ከሌሎች መሻል ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ የሚሻሉበት መጠን ከዚህ ድርሻ መብለጥ አለበት፤ ድርሻው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የሚከብደው በትንሽ ገንዘብ በሚጫወቱት ላይ ነው።

የሚበላው ሰው በገፍ የሚመጣበት ዘመን ነበር። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከ100 ዶላር ባነሰ ክፍያ ፖከርስታርስ በተባለው ድረ ገጽ የማጣሪያ ውድድር አሸንፎ፣ መግቢያው 10,000 ዶላር ወደ ሆነው የላስ ቬጋሱ ዓለም አቀፍ የፖከር ሻምፒዮና ገባ፤ 838ቱን ተወዳዳሪዎች ረትቶም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቤተሰብ ስሙ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት መሆኑ ለማስታወቂያ ሰዎች ከሰማይ የወረደ መና ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የዚሁ ውድድር ተሳታፊዎች 8,773 ደረሱ። እርሱ ከቻለ እኔስ ምን ያንሰኛል ብሎ፣ ከሥራ ሲመለስ ቢራውን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጥ፣ ደንቡን እንኳ በቅጡ ያልለየ ሰው በየምሽቱ ይጎርፍ ነበር። በዚያ ጎርፍ መሐል ትዕግሥት ያለውና ጥቂት ስሌት ያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቤት ኪራዩን ከመክፈል አልፎ ቤት መግዛት ችሏል። ዛሬ በዩቲዩብ ለወጣቶች የሚነገሩት የስኬት ታሪኮች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ናቸው፤ ሐሰት አይደሉም፣ የተፈጸሙበት ገበያ ግን የለም።

ገበያው የተዘጋው በሁለት እርምጃ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2006 ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶች ለሕገ ወጥ የኦንላይን ቁማር ገንዘብ እንዳያስተላልፉ የሚከለክል ሕግ፣ ስለ ወደብ ደኅንነት በወጣ ሌላ ሕግ ውስጥ ሸጉጦ አወጣ። ቀጥሎም ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በፖከርስታርስ፣ በፉል ቲልትና በአብሶሉት ፖከር ባለቤቶችና ኃላፊዎች ላይ ክስ መሥርቶ ድረ ገጾቹን አገደ። ተጫዋቾች ያን ዓርብ «ጥቁሩ ዓርብ» ይሉታል። ከወራት በኋላ ፉል ቲልት ለተጫዋቾች ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ እያለበት በባንክ ያለው 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ ደንበኞች በአደራ ያስቀመጡት ገንዘብ ለባለቤቶቹ ተከፋፍሎ ነበር። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው። ለመዝናናት የሚጫወት ሰው በዚያ መካከል የታገደበት የመዝናኛ ገንዘቡ ነው፤ በፖከር የሚተዳደር ሰው ግን ያጣው የሥራ መሣሪያውን ነው፤ መኪናው ለሦስት ዓመት እንደ ታሰረበት ታክሲ ነጂ ማለት ነው። ከዚያም በፊት አብሶሉት ፖከርና አልቲሜትቤት በተባሉት ድረ ገጾች የውስጥ ሰዎች የሌላውን ተጫዋች የተሸፈነ ካርታ እያዩ ይጫወቱ እንደነበር ተጋልጧል፤ ነገሩን ያነፈነፉትም በአመዛኙ የተበሉት ተጫዋቾች ራሳቸው ነበሩ።

ዛሬ በአሜሪካ ፈቃድ ያለው የኦንላይን ፖከር የሚገኘው በጥቂት ግዛቶች ነው። ዘመዴ የሚኖርባት ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲና ደላዌር በ2013 ጀመሩ፤ ፔንሲልቬኒያ በ2019፣ ሚሺጋን በ2021 ተከተሉ። አንዳንዶቹ ተጫዋቾቻቸውን የሚያገናኝ ስምምነት ቢፈራረሙም፣ መላው ዓለም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጥበት ከነበረው ዘመን ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ብዙ ወገናችን ይህ በር እንኳ አልተከፈተም፤ በስልኩ የሚጫወተው ፈቃድ በሌለው የባሕር ማዶ ድረ ገጽ ወይም በግል ክለብ መተግበሪያ ነው። በመተግበሪያው ገንዘቡን የሚይዘው አንድ ወኪል ሲሆን፣ ወኪሉ ስልኩን ቢያጠፋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ከሕጉ በላይ ገበያውን የለወጠው ግን ማሽን ነው። በጃንዋሪ 2017 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም፣ ፒትስበርግ በሚገኝ ካዚኖ ለ20 ቀናት ከአራት ምርጥ ፕሮፌሽናሎች ጋር ተራ በተራ 120,000 ዙር ተጫውቶ ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚቆጠር ቺፕስ (በገንዘብ ፈንታ የሚያዝ የመጫወቻ ጠጠር) በላቸው። በ2019 ደግሞ ከፌስቡክ ተመራማሪዎች ጋር የተሠራው ፕሉሪበስ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፕሮፌሽናሎችን ረታ። ፖከር የዕድል ብቻ ጨዋታ ነው ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ በተከታታይ አያሸንፍም ነበር። ነገር ግን ፖከር ችሎታ መሆኑን ያስመሰከረልን ያው ማሽን፣ ችሎታውን ማንም በወርሃዊ ክፍያ የሚገዛው ሸቀጥ አደረገው። «ሶልቨር» የሚባሉት የማጥኛ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ሁኔታ ለትክክለኛው የሚቀርበውን መልስ ያሳያሉ፤ ፕሮፌሽናል ነኝ የሚል ሁሉ ሌት ተቀን ያጠናቸዋል፤ አንዳንዱም የድረ ገጾቹ ደንብ ቢከለክልም ጨዋታው ላይ እያለ ያማክራቸዋል። ድረ ገጾቹ ቦት፣ ማለትም በሰው ስም የሚጫወት ፕሮግራም፣ እያሳደዱ መለያቸውን ይዘጋሉ። በአካል ሲጫወቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ሲያልበው ይታያል፤ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ግን የሚታየው የብዕር ስም ነው፤ ሰው ይሁን ማሽን ማወቂያው ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል።

ይህን ሁሉ አልፎም የሚያሸንፍ ሰው አለ እንበልና ገቢውን እናስላ። የተጫዋች ትርፍ የሚለካው በ100 ዙር ስንት ቢግ ብላይንድ አገኘ ተብሎ ነው፤ ቢግ ብላይንድ ካርታ ሳይታይ የሚያዘው የግዴታ ገንዘብ ነው። የአጫዋቹ ድረ ገጽ ድርሻ ተቀንሶ በ100 ዙር 4 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ሰው በዛሬው ገበያ ጎበዝ ይባላል። ቢግ ብላይንዱ 1 ዶላር በሆነበት ጠረጴዛ ይህ በ100 ዙር 4 ዶላር ነው። በአንድ ጊዜ አራት ጠረጴዛ ከፍቶ በሰዓት 300 ዙር ቢጫወት በሰዓት 12 ዶላር ያገኛል። የኔቫዳ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ2024 ጀምሮ 12 ዶላር ነው። ዘመዴ ይህን ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ፤ ሆቴል ውስጥ ሳህን የሚያጥብ ሰው ያንኑ እያገኘ፣ ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ መምጣቱን አይጠራጠርም።

ጥርጣሬው ደግሞ ቀላል አይደለም። በዚህ ጨዋታ የውጤቱ መዋዠቅ፣ ስታቲስቲክስ በሚለካበት መለኪያ፣ በ100 ዙር 90 ቢግ ብላይንድ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 10,000 ዙር፣ ማለትም የአንድ ሳምንት ያህል ሥራ፣ 400 ዶላር ያስገኛል ተብሎ ሲጠበቅ፣ መዋዠቁ ግን 900 ዶላር ይሆናል፤ ያ ጎበዝ ተጫዋች ሳምንቱን በኪሳራ የመጨረስ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። 100,000 ዙር ተጫውቶ፣ ማለትም ከሁለት ወር በላይ በሙሉ ሰዓት ሠርቶ፣ ምንም ሳያገኝ ወይም ከስሮ የመነሣት ዕድሉ እንኳ ከ12 አንድ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ጎበዝ መሆኑ በርግጥ ለታወቀ ሰው ነው። እውነተኛው ፈተና ግን ተጫዋቹ ጎበዝ መሆኑን ራሱ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ ሦስት ወር ሲበላ የከረመ ሰው ዕድል ከድታው ይሁን ችሎታ አንሶት የሚነግረው የለም፤ ሦስት ወር ሲያሸንፍ የከረመውም እንዲሁ። የቤት ኪራይ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን መቶ ሺህ ዙር እስኪሞላ አይጠብቁም። ለኪራይ ሲባል ከመጫወቻ ገንዘቡ የሚነሣ እያንዳንዱ ዶላርም ቀጣዩን ኪሳራ የሚችልበትን ትከሻ ያቀጥነዋል።

ቀረጥ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። በአሜሪካ ቁማርን ሥራዬ ነው ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ከገቢ ግብር በተጨማሪ የግል ሠራተኛ መዋጮውን 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ የጤና መድኅኑንም ራሱ ይገዛል። በ2025 የጸደቀው የታክስ ሕግ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ከቁማር ገቢ ላይ የሚቀነሰው ኪሳራ 90 በመቶው ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ 200,000 ዶላር የሰበሰበና ሲሸነፍ 180,000 የከፈለ ሰው በእጁ የቀረው 20,000 ቢሆንም፣ ግብር የሚታሰብበት በ38,000 ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ የከፋ የንግድ ዘርፍ ካለ አላየሁም።

ከአሜሪካ ውጭ ላሉት ጉዳዩ ያጠረ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ጨዋታውን ቢችል እንኳ ዶላር ወደ ውጭ ድረ ገጽ አስገብቶ አሸናፊነቱን በሕጋዊ መንገድ ወደ አገር ቤት ለመመለስ የሚሄድበት መንገድ ከጨዋታው ይከብደዋል። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌትን በመሰሉ ቁማር የተከለከለባቸው አገሮች ለምትሠራ እህት ወይም ለሚሠራ ወንድም ደግሞ ጥያቄው የገቢ ሳይሆን የመታሰርና የመባረር ነው።

በፖከር የሚኖር የለም አልልም፤ አሉ፤ ጥቂቶቹም በጣም ይበለጽጋሉ። ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ገቢያቸው ከካርታው ብቻ አይደለም፤ ሥልጠና ይሸጣሉ፣ ጨዋታቸውን በቀጥታ እያስተላለፉ ከተመልካችና ከማስታወቂያ ይሰበስባሉ፣ ለሌላ ተጫዋች መጫወቻ ገንዘብ አቅርበው ትርፉን ይካፈላሉ። ወርቅ ቆፋሪ በበዛበት ቦታ አካፋ የሚሸጠው ሰው ያተርፋል፤ እኔ ደግሞ አካፋ ሻጩ ስለ ወርቁ ብዛት በሚነግረኝ ላይ እምነት የለኝም። ሌሎቹም መስኮቱን ትተው በአካል ወደሚጫወቱበት ጠረጴዛ ተመልሰዋል፤ የላስ ቬጋሱ ሻምፒዮና በ2024 ከ10,000 በላይ ሰው ማስገባቱ፣ ለመዝናናት የሚመጣውና የሚበላው ሰው ዛሬ ያለው እዚያ መሆኑን ያሳያል።

ለዘመዴ ተው አላልኩትም። መኪናውን ሳያቆም፣ ያሸነፈውንም የተበላውንም ሳይመርጥ እየመዘገበ፣ 100,000 ዙር እስኪሞላ እንዲጫወት ነገርኩት፤ በሌሊት ሁለት ሰዓት ሒሳብ ከአምስት ወር በላይ ይፈጃል። ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ልኮልኛል። ቢግ ብላይንዱ 25 ሳንቲም በሆነበት ጠረጴዛ 40,000 ዙር ተጫውቶ 310 ዶላር አትርፏል፤ በሰዓት ሲካፈል 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። በዚህ ያህል ዙር ውስጥ ያለው መዋዠቅ ብቻውን 450 ዶላር ስለሚደርስ፣ 310ሩ የችሎታው ይሁን የዕድሉ ገና አልታወቀም። ሲደውልልኝ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር።