ለጨዋታ ነው እንዴ የምንከፍለው?

የአዲስ አበባ ወላጅ ልጁን ከኬጂ ሲቀበል ከሰላምታው በፊት ደብተር ይገልጣል። ገጹ በ«ሀ ሁ ሂ» ከሞላ ፊቱ ይፈታል። ባዶ ከሆነ ግን አለቀ።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«ተጫወትን!»

በማግስቱ አባት ዳይሬክተሯ ቢሮ ናቸው። «ለጨዋታ ነው እንዴ የምንከፍለው? ጨዋታማ ሰፈር በነፃ አለ!»

ጨዋታ ሰፈር በነፃ መኖሩ እውነት ነው። ግን ልጁን እዚያም አያስወጡትም። ከትምህርት በኋላ አስጠኚ ይጠብቀዋል። የአራት ዓመት ሰው!

እ.ኤ.አ. በ1837 የኬጂን መሠረት የጣለው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ለሕፃናቱ ያቀረበላቸው ኳስና የእንጨት ኩብ ነበር። ዛሬ እኛ ጋ ቢቀጠር የመጀመሪያውን የወላጅ ስብሰባ አያልፍም።

ሰፈር የመውጣት ዕድል ያገኙትን እንያቸው። ሱቅ ከፍተዋል። ብሩ ቅጠል፣ ስኳሩ አሸዋ ነው። ባለሱቋ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ካርቶን ቀድዳ በከሰል ሞነጫጨረችበትና «የዱቤ ደብተር» አለችው። አንድም ፊደል የለበትም። እሷ ግን ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እየጎተተች ታነባለች፦ «የማሙሽ አባት፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ዘይት... አልከፈሉም!»

የማሙሽ አባት ከአጥሩ ወዲያ ሳል ያዛቸው።

ልጅቷ ከ231ዱ ፊደል አንዱንም አትጽፍም። ጽሑፍ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን ታውቃለች። ከተጻፈ ደግሞ እንደማይረሳ ገብቷታል። ለአባትየውም ገብቷቸዋል።

ከፍ ከፍ ያሉት በወፍ ቋንቋ ይንጫጫሉ። ቃሉን ቆራርጠው መሃል መሃሉ ሌላ ድምፅ ይሰነቅሩበታል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ከባድ ሥራ ነው። «ማክሰኞ»ን ማ፣ ክ፣ ሰ፣ ኞ ብሎ በጆሮው መበተን የቻለ ልጅ፣ ነገ ፊደሎቹን ሲያገኛቸው መግጠሙ ብዙ አይቸግረውም። እናት ግን ወሬው ስላልገባት በመስኮት ትጮኻለች፦ «ጫጫታውን ተዉና ግቡ አጥኑ!»

አንዲት ብልህ መምህርት መላ ዘይዳለች አሉ። ዕቃ ዕቃውን «ድራማቲክ ፕሌይ» አለችው። እንቆቅልሹን «ክሪቲካል ቲንኪንግ»። እያጨበጨቡ የሚዘፍኑትን እቴሜቴ ደግሞ «ፎኒክስ»። ወላጅ ደስ አለው። ትምህርት ቤቱም በዚያው ክፍያ ጨመረ፤ ማንም አልተቃወመም።

አሁን ዳይሬክተሯ ቢሮ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ልጄ በድራማቲክ ፕሌይ ስንተኛ ወጣ?»