ጎንበስ ለሚሉ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ሲመሽ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ በሚጓዙ ሚኒባሶች ውስጥ የሚታየውን ሥርዓት አይቶ የማይደነቅ ሰው ካለ ልቡን ይመርመር። ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራት ሰው ተቀምጧል። ሞተሩ ላይ ሁለት ተደርበዋል። በሩ ሥር በርጩማ ላይ አንድ ባለ ክራቫት ከነቦርሳቸው ተሰይመዋል። ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትርፎች፣ ጎንበስ!» ይላል። በዚህ ጊዜ ሒሳብ ሹሙም፣ ነርሷም፣ የሕግ ተማሪውም፣ ከማኅበር የሚመለሱት አዛውንትም እኩል ዝቅ ይላሉ። ለሰፈሩ የፍሳሽ ቦይ መዋጮ ተጠርተው ያልተገኙ ሰዎች ለዚህ ጥሪ አንድም ሳይቀሩ ይገኛሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለካ ለእኛ ኖሯል።

ጣሊያናዊው የሕግ ፈላስፋ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ሰውን ከጥፋት የሚያግደው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን ቅጣቱ የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ ነበር። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጋሪ ቤከር ደግሞ አንድ ተማሪውን ሊፈትን ሲጣደፍ፣ መኪናውን በተከለከለ ቦታ ቢያቆም ምን ያህል እንደሚቀጣና የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ አቆመ። ከዚያው ሐሳብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1968 አጥፊም እንዲሁ ሒሳብ እንደሚሠራ ጻፈ፤ በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእኛ ሾፌር ይህንን ሒሳብ ያለ ወረቀት ይሠራዋል፤ ሽልማት ግን እስካሁን የሰጠው የለም። ለባለንብረቱ የሚያስረክበው የቀን ገቢ የታወቀ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የራሱ ነው። ቅጣቱ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ትርፍ ሰው ግን በየምልልሱ አለ።

የተሳፋሪው ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ቅጣቱን ከፍ ባደረገ ቁጥር እኛ የመያዙን ዕድል በወገባችን ዝቅ እናደርገዋለን። ከፊት የሚመጣው ሾፌርም መብራቱን ብልጭ አድርጎ «ትራፊክ አለ» እያለ ያግዘናል። ታሪፉን ሳናስቀንስ፣ ተጣጥፈን፣ በነፃ እንሠራለን። እንዲህ ያለ በጎ ፈቃደኛ በየትኛው አገር ይገኛል?

በእስራኤል ሃይፋ ከተማ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሕፃናት መዋያ ለመውሰድ እያረፈዱ ቢያስቸግሩ፣ ተመራማሪዎች ባረፈደው ላይ ትንሽ የገንዘብ ቅጣት አስጥለው ውጤቱን ተመለከቱ። የሚያረፍደው ሰው በዛ። ለካ ወላጅ ድሮ የሚሳቀቀው መምህሯን ማስጠበቅ ነውር ስለሆነ ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን ነውሩ ቀርቶ ክፍያ ሆነ። ቅጣቱ ሲነሣ እንኳ ነውሩ አልተመለሰም። እኛ ግን ከዚህ አደጋ የተጠበቅን ነን፤ ነውሩን ቀድመን አስወግደነዋል።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ እጅግ ኋላ ቀር ነበሩ። መንገድ ላይ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ፣ የተጠራው ሰው ዳኛም ጠመንጃም ሳያይ ባለበት ይቆም ነበር። ሌባው ማን እንደሆነ ሲጠፋም አገሩ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪጠቆም ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። እኛ የሠለጠንነው የምንሰበሰበው ማንም እንዳይጠቆም ነው። ደግሞም ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ ፍሬኑ ከያዘ።

ሕግ፣ ገበያና ይሉኝታ ተባብረው ሰውን ከጥፋት አይመልሱም የሚል ሰው ካለ አንድ ምሽት ከእኛ ጋር ይሳፈር። በቅርቡ አንዲት ወይዘሮ «እኔ ከፍዬ ነው የተቀመጥሁት፤ አልጎነበስም» አሉ። የሆነውን በዓይኔ አየሁ። በመጀመሪያ ሕጉ ሠራ፤ ረዳቱ «እትዬ፣ ብንቀጣ እርስዎ ይከፍሉልናል?» አላቸው። ቀጥሎ ገበያው ተናገረ፦ «ካልተመቸዎት ኮንትራት ይያዙ፤ ሰልፉ ላይ ስንት ሰው አለ!» ይህ እውነት ነው፤ በእኛ ሰፈር ከታክሲ መውረድ ማለት በጨለማ እንደገና መሰለፍ ነው። በመጨረሻ ይሉኝታ መጣ። አዛውንቱ ከሰው ጉልበት ሥር ሆነው «ልጄ፣ ለአንድ ቀን ብትቻቻይ ምን አለበት?» አሏቸው። የሕግ ተማሪው ምንም አላለም፤ አገጩ ከጉልበቱ ጋር ገጥሞ ስለነበር አልፈርድበትም።

ወይዘሮዋ ወረዱ። በእርሳቸው ቦታ ሁለት ሰው ገባ።