ቀይ እስክሪብቶው የሚያልፈው ነገር

አንድ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ ሰሞኑን ያሳለፈው ውሳኔ አናደደኝ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ የፒኤችዲ ተማሪ ፕሮፖዛሉን (የጥናት ዕቅዱን) ከማስገባቱ በፊት በእንግሊዝኛ አፉን በፈታ ሰው አሳርሞ፣ ማረጋገጫ ወረቀት አያይዞ ይምጣ ይላል። ክፍያውን የሚችለው ራሱ ተማሪው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ይኸው ነው፦ እንግሊዝኛው ያልጠራ ሰው ሐሳቡም አልጠራም።

ይህ ፍጹም ስሕተት ነው! ያንኑ ተማሪ ጥናቱን በራሱ ቋንቋ እንዲያስረዳ አምስት ደቂቃ ስጡት። ጥያቄውን፣ ዘዴውን፣ የሚያሰጋውን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጥላችኋል። በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስለት ሰው ፍሬ የሌለው ፕሮፖዛል ጽፎ ያልፋል። ለእኔ የሚያሳስበው ይሄኛው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለሚያምር ባዶነቱን ማንም ልብ አይልም።

እስቲ በአማካሪ የታረመ አንድ የፕሮፖዛል ገጽ ተመልከቱ። የጎደለችው የእንግሊዝኛዋ "ዘ" (the) ገብታለች። "ኢን" ተሰርዞ "ኦን" ሆኗል። ነጠላው ወደ ብዙ ተቀይሯል። አንቀጹ የሚለው ግን ይህን ነው፦ በርዕሱ ላይ ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ በዚህ አካባቢ ግን የተሠራ የለም፤ ስለዚህ ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል። ከጎኑ አንድም ኮመንት የለም። ያልተጠና ነገር ሁሉ መጠናት አለበት እንዴ? እዚያ ውጤቱ ይለያል የምንለው ለምንድን ነው? ቢለይስ እስከ ዛሬ የምናውቀውን የቱን ያናጋል? ፕሮፖዛሉን የሚጥሉት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። ቀይ እስክሪብቶው ግን አልነካቸውም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የአካዳሚያዊ ጽሑፍ ተመራማሪው ጆን ስዌልስ የጥናት መግቢያ እንዴት እንደሚዋቀር ካሳየ ቆየ፤ ሞዴሉ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። መጀመሪያ መስኩን ታስተዋውቃለህ። ቀጥሎ ክፍተቱን ታሳያለህ። ከዚያ በዚያ ክፍተት እንዴት እንደምትገባ ትናገራለህ። ተማሪውን የሚጥለው ሁለተኛው እርምጃ ነው። እዚያ ላይ በስም የታወቁ ሊቃውንትን መተቸት ግድ ይላል፤ ያውም በሰው ቋንቋ፣ ቃሉን መጥኖ። ግማሹ ይፈራል። የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳው ስም ጥሪ ይሆንበታል፤ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች፣ አለቀ። ሌላው ደግሞ ድፍረቱን ያበዛውና "ከእኔ በፊት የተሠራው ሁሉ የተሳሳተ ነው፣ የእኔ ጥናት ያረጋግጣል" ብሎ ይጽፋል። "ሊጠቁም ይችላል" ማለት የት እንደሚሻል፣ "ያሳያል" ማለት የት እንደሚፈቀድ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ሁለቱም ጽሑፎች በሰዋስው አንድ እንከን ላይኖራቸው ይችላል። በገንዘብ የተቀጠረው አራሚ ሁለቱንም ያሳልፋቸዋል።

አራሚው ሊያበላሽም ይችላል። መስኩን የማያውቅ ሰው ተማሪው "ይዛመዳል" ያለውን ለማሳመር ብሎ "ያስከትላል" ያደርገዋል። እንግሊዝኛው አማረ። ጥናቱ ግን አሁን በመጠይቅ ብቻ ሊደርስበት የማይችለውን ነገር ቃል ገብቷል። ተማሪው ጥናቱን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት ቀን ላብ የሚያጠምቀው አራሚውን አይደለም።

ጽሑፉ ሊነበብ የሚችል መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ሸክሙ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 በ908 የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነው ለማንበብም ለመጻፍም ብዙ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚፈጅባቸው አሳይቷል። በዚያ ላይ ለአራሚ ክፈሉ ይባላሉ። ገንዘብ የሌለው ወደ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይሮጣል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የፈተሿቸው የኤአይ መለያ ፕሮግራሞች ደግሞ ሰዎች በራሳቸው እጅ ከጻፏቸው የቶፍል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የሚወስዱት የቋንቋ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን "ማሽን የጻፈው ነው" ብለዋል። እና ተማሪው በየት በኩል ይውጣ?

ኮሚቴው ያንን ወረቀት ይሰርዝና ፊቱን ወደ አማካሪዎቹ ያዙር። ፕሮፖዛል ሲደርሳቸው የመጀመሪያውን ንባብ እስክሪብቶ ሳይዙ ያንብቡት። ከተማሪው ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጡና ስለ ክፍተቱ ብቻ ያውሩ፤ በፈለገው ቋንቋ። "ዘ" ከዚያ በኋላ ትደርሳለች።