ብሎኬቱ አልችልም አለ

እኔ የምለው፣ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ የሚኖር ሰው ቋጥኝ መውጣት አይችልም ተብሎ የወጣ ሕግ አለ እንዴ? የትግራዩ የገራልታ ቋጥኝ እንደሆነ ጎረቤቴ አይደለም፤ ቤቴ ጣቴን ላጠንክር ብዬ መንጠልጠያ ሰሌዳ፣ ማለትም ጠርዙን በጣት ጫፍ ይዘው የሚንጠለጠሉበት እንጨት፣ የምሰቅልበት ግድግዳ አጣሁ! ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉ ልስኑን አልፎ ዘው ይላል፣ ፊሸሩ ክፍተቱ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቡሎኑ በእጅ ሲስቡት ይወጣል። ሰባ ኪሎ ሰው በዚህ ላይ ይንጠልጠል? ከበሩ በላይ ያለው ቢም ኮንክሪት ነው፣ ይችለኝ ነበር፤ አከራዬ ግን «ምስማር እንኳ እንዳትመታ» ብለዋል። በር ላይ የሚወጠር ብረት ግዛ የሚሉኝ አሉ። የላሜራ መቃን አይተው ያውቃሉ? ገና ሲጠብቅበት ይጎብጣል።

ሰሌዳው እኮ ቆንጆ ነው! አናጺው 20 ሚሊ ሜትር ጠርዝ አውጥቶ፣ ጣት እንዳይቆርጥ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ነው የሰጠኝ። አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል።

ራሱን ችሎ የሚቆም የብረት ፍሬም ላስበይድ ብል ወይ እሱ ወይ አልጋው። ክብደት በገመድ አስሬ ከወለል በጣት ማንሳት ጀመርኩ፤ ታች ያሉት እትዬ ደግሞ «ምን እየወቀጥክ ነው ልጄ?» እያሉ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡልኛል። አየር ላይ ልንጠልጠል?