ኢሳይያስ 53 ስለ ማን ይናገራል? የሁለት ጸሐፍያን ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 53 የሚናገርለት የሕማም ሰው መሲሑ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።» ደጋፊው በአዲስ አበባ መጻሕፍትን የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ተቃዋሚው ጎንደር አጠገብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የተሻገረ፣ ዛሬ በአሽዶድ ታሪክ የሚያስተምር የቤተ እስራኤል ልጅ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

መሪጌታ

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ አስቀድሞ የጠየቀውም የእኛው አገር ሰው ነው። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በጋዛ መንገድ፣ በሠረገላው ተቀምጦ፣ ያነበው የነበረው ይህንኑ ምዕራፍ ነው። ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ባለው ጊዜ፣ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ጠየቀው፤ ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት። ጃንደረባው ውኃ ባየ ጊዜ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው አለ እንጂ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

ምዕራፉ ራሱ ይናገራል። ስለ ሌላው በደል የቆሰለ፣ በሸላቾቹ ፊት ዝም እንደሚል በግ አፉን ያልከፈተ፣ በሞቱም ከባለጠጋ ጋር የሆነ ማን ነው? በሰሙነ ሕማማት ይህ ንባብ ሲደርስ የሚያለቅሰው ምእመን ለማን እንደሚያለቅስ ያውቃል። አይሁድም ቢሆኑ ከጥንት የተረዱት ስለ መሲሕ እንደ ሆነ፣ የዮናታን ታርጉም የሚባለው የነቢያት የአራማይክ ትርጉማቸው የክፍሉን መግቢያ «ባሪያዬ መሲሕ» ብሎ ማንበቡ ይመሰክራል። ባሪያው ሕዝበ እስራኤል ነው የሚለውን ያመጣው በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የመጻሕፍት ሐተታ ጸሐፊ ራሺ ነው፤ ከእርሱ በፊት እንዲህ ያለ አይሁዳዊ አልነበረም። ራሺ በ1096 የመስቀል ጦረኞች በራይን ወንዝ ዳር ያሉትን ወገኖቹን ሲፈጁ በሕይወት ነበረና ሐዘኑ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ዘመን ሐዘን የወለደው ትርጓሜ የነቢዩን ቃል ሊሽር አይችልም።

የአሽዶዱ መምህር

መሪጌታ በሙሉ ልብ የጻፉት አንድ መስመር አለ፤ ከራሺ በፊት እንዲህ ያለ አይሁዳዊ አልነበረም የሚለው። ራሺ የሞተው በ1105 ነው። የእስክንድርያው ክርስቲያን ሊቅ ኦሪጀን ግን በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የክርስትናን ነቃፊ ኬልሶስን በተቃወመበት መጽሐፉ፣ በዚህ ምዕራፍ ላይ ከአይሁድ ሊቃውንት ጋር መከራከሩን ሲተርክ፣ እነርሱ ትንቢቱ እንደ አንድ ሰው ስለ ተቆጠረው፣ በአሕዛብ መካከል ተበትኖ ስለ ተመታው ሕዝብ ነው እንዳሉት ጽፏል። ይህ የክርስቲያን ምስክርነት ነው፤ ከራሺም ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። እንግዲህ የመስቀል ጦረኞቹ ሐዘን ወደ ኋላ ሄዶ ኦሪጀንን እንዴት እንዳገኘው መሪጌታ ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ባሪያው ማን እንደ ሆነ ነቢዩ ደጋግሞ ተናግሯል። በምዕራፍ 44 «ባሪያዬ ያዕቆብ» ይላል፤ በምዕራፍ 49 «እስራኤል ሆይ፥ አንተ ባሪያዬ ነህ» ይላል። ምዕራፍ 53ን ከነዚህ ነጥሎ ማንበብ ከደብዳቤ መካከል አንድ ገጽ ቀዶ ላኪውን እንደ መገመት ነው። ታርጉሙንም መሪጌታ ከመግቢያው ባሻገር ቢያነቡት፣ ክብሩን ለመሲሑ ሰጥቶ መከራውን ለሌሎች እንዳከፋፈለ ያዩ ነበር።

መሲሕ ሲመጣ የሚሆነው ደግሞ የተሰወረ አይደለም። ሰይፍ ማረሻ ይሆናል፣ የተበተነው ይሰበሰባል፣ በሕዝቅኤል 37 እንደ ተጻፈው መቅደሱ በመካከላቸው ይቆማል። ማይሞኒደስ የሚባለው የአይሁድ የሕግ ሊቅ ራምባም «የነገሥታት ሕግ» በሚለው ክፍል ምልክቱን በግልጽ አስቀምጦታል፤ መሲሕ ነው የተባለው ሰው ይህን ሳይፈጽም ከተገደለ፣ ተስፋ የተሰጠው እርሱ እንዳልነበረ ይታወቃል። ታላቁ ረቢ አቂባ በሮማውያን ላይ ያመፀውን ባር ኮክባን ንጉሥ መሲሕ ብሎት ነበር፤ ሰውየው በ135 ሲገደል ነገሩ አበቃ። ሞቶ ሥራውን ሌላ ጊዜ ተመልሶ የሚጨርስ መሲሕ በአይሁድ ዘንድ ተሰምቶ አያውቅም።

መሪጌታ

ልጄ፣ ኦሪጀንን ስትጠራብኝ ምነው አለመፍራትህ? ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችውን ሰው በእኔ ላይ ምስክር አድርጎ ማቆም የሚያስተዛዝብ ነው። ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ።

«በአይሁድ ዘንድ ተሰምቶ አያውቅም» አልህ። የረቢዎች ሕግና ትረካ በተጻፈበት በታልሙዳችሁ፣ ሱካ በሚባለው ክፍል፣ በገጽ 52፣ የዮሴፍ ልጅ ስለሚባልና ስለሚገደል መሲሕ ተጽፏል፤ ዘካርያስ ወደ ወጉት ይመለከታሉ ያለውም ለእርሱ ተጠቅሷል። ሳንሄድሪን በሚባለውም ክፍል ሊቃውንቱ የመሲሑ ስም ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ ለምጻሙ ብለው መልሰዋል፤ ማስረጃቸውም «በእውነት ደዌያችንን ተቀበለ» የሚለው የዚሁ የኢሳይያስ ምዕራፍ ቃል ነው! እዚያው አጠገብ መሲሑ በሮም ከተማ በር ከድውያን ጋር ተቀምጦ፣ ድንገት ብጠራ እንዳልዘገይ ብሎ ቁስሉን አንድ በአንድ እየፈታ ሲያስር ይታያል። የሚታመም መሲሕ በቤታችሁ ሳለ ከእኛ ቤት ብቻ እንደ ተገኘ እንግዳ ለምን ታሳድደዋለህ? በብሩክሊንም ሉባቪች የሚባለው የአይሁድ ማኅበር መሪ የነበሩት ረቢ በ1994 ካረፉ በኋላ እስከ ዛሬ መሲሕ ናቸው፣ ይገለጣሉ የሚሉ ተከታዮች እንዳሏቸው ታውቃለህ። እነርሱ አይሁድ አይደሉምን?

አንድ ነገር ልጨምር። ራሺ፣ ራምባም፣ ረቢ አቂባ ትላለህ። የደምቢያና የወገራ አያቶችህ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አያውቁም ነበር። ታልሙድ በእጃቸው አልነበረም። የነበራቸው በግእዝ የተጻፈ ኦሪትና ነቢያት ነው፣ እኔ ዛሬ የማስተምርበት ግእዝ። ረቢዎችህ ደግሞ በ1980ዎቹ እነዚያን ሽማግሌዎች እንደ አዲስ ገቢ ውኃ ካልነከራችሁ አይሁድ መሆናችሁ ያጠራጥራል አሏቸው። ከእኔ ጋር የምትከራከረው በአባቶችህ መጽሐፍ ነው ወይስ በተበደርኸው?

የአሽዶዱ መምህር

መሪጌታ «ልጄ» ማለትዎ በአገራችን ወግ የፍቅር ቃል እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ በክርክር ላይ ግን መልስ የጠፋበት ሽማግሌ የሚደገፍበት ምርኩዝ ይሆናል። ኦሪጀን የተወገዘው በትምህርቱ ነው። ጆሮውም ተወግዟል እንዴ? አይሁድ እንዲህ አሉኝ ብሎ የመዘገበውን ለመስማት ሃይማኖቱን ማጽደቅ አያስፈልገኝም። ወይ ያ አይሁዳዊ ነበረ፣ ወይ ኦሪጀን ፈጥሮታል፤ አንዱን ይምረጡ።

አያቶቼ ታልሙድን አላነበቡም ብለው ይወቅሱኛል፤ እዚያው ላይ በታልሙድ ሊያሳምኑኝ ይሞክራሉ። ያነሡት ነገር ግን ለእኔ ታላቅ ስጦታ ነው። እውነት ነው፣ አያቶቼ ራሺን አያውቁም። በእጃቸው የነበረው እርስዎ የሚያስተምሩት ያው ግእዝ፣ ያው ኢሳይያስ ነው። መስጊድ በሚሉት በየጸሎት ቤታቸው ለዘመናት አነበቡት፣ በክርስቲያን መንግሥት መካከል ሆነው አነበቡት፣ አልተጠመቁምም። ከ1860 ጀምሮ የለንደን ሚሲዮናውያን መጥተው መሲሑ ኢየሱስ ነው ብለው ሲሰብኩላቸው፣ በ1862 አባ ማኅሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር መሩት፤ ባሕር ሳይደርሱ ብዙው በረኃብና በበሽታ አለቀ። መቤዠት ለእነርሱ የሚሄዱበት አገር ነበር። ያለ ራሺ እዚህ ከደረሱ፣ ሁሉን በራሺ ማላከኩ ምን ይረባል?

ስለ ዮሴፍ ልጅ ያሉትን ገጽ እኔም አንብቤዋለሁ። እንደሚገደል ይናገራል፤ የማንንም ኃጢአት ተሸክሞ ሞተ የሚል በዚያ የለም። በዚያው ገጽ የዳዊት ልጅ መሲሕ የእርሱን መገደል አይቶ ከፈጣሪ የሚለምነው ሕይወትን ነው። ከራምባም ሌላ የሆነው የአይሁድ ሊቅ ራምባን በ1263 በባርሴሎና፣ በአራጎን ንጉሥ ፊት ቆሞ ሲከራከር፣ እንዲህ ያሉት ትረካዎች ማንንም በእምነት የሚያስሩ እንዳይደሉ ተናግሯል፤ ከናዝሬቱ ሰው ዘመን ወዲህ ዓለም በግፍና በዝርፊያ እንደ ተሞላች መሆኗንም በዚያው አስታውሷል።

ባርሴሎና ለምን እሄዳለሁ? በ15ኛው መቶ ዘመን አጼ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው አወጁ ተብሎ ይተረካል። ርስት ያጣው ሕዝብ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነ፤ ባለእጅ ተባለ፣ ቡዳ ተባለ። አያቴ የሠራችውን ጀበና የምትገዛት ጎረቤት ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ሳንቲሙን መሬት ላይ ታስቀምጥላት ነበር። «ሰውም ፊቱን እንደሚሰውርበት የተናቀ ነው፥ እኛም አላከበርነውም» የሚለውን ቃል ሳነብ የማየው ማንን እንደ ሆነ ይገምቱ።

መሪጌታ

መምህር ሆይ፣ ልጅነቱን ካልወደዱት እርስዎ እላለሁ። በአያትዎ ላይ የደረሰው ግፍ ነው፤ ግፉን የሠሩት በክርስቶስ ስም የሚጠሩ መሆናቸው ለእኔ ያሳፍራል። ነገር ግን የተከራከርነው ኢሳይያስ ስለ ማን ተናገረ በሚለው እንጂ ጎንደር ውስጥ ማን ማንን በደለ በሚለው አልነበረም። የክርስቲያን ኃጢአት የክርስቶስን መሲሕነት የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ የእስራኤል ኃጢአትም ኦሪትን በሻረ ነበር።

ወደ ንባቡ ይምጡ። ምዕራፉ ባሪያው «ስለ ሕዝቤ ኃጢአት ተመትቶ» ይላል። ባሪያው ሕዝቡ ከሆነ፣ ሕዝቡ ስለ ሕዝቡ ተመታ ማለት ነውን? ባሪያው ግፍ አላደረገም፣ በአፉም ተንኰል አልተገኘበትም፤ ኢሳይያስ ግን ሕዝቡን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ኃጢአተኛ ወገንና በደል የተሞላበት ይለዋል። ነውር የሌለበት መሥዋዕት እንዲህ ካለ ሕዝብ አይገኝም። ስለዚህ መልስ ስጡኝ።

ዳግም ምጽአትንም ስታቃልሉ ራሳችሁን እያቃለላችሁ ነው። በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችሁ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተሻገሩ፤ ሽማግሌዎቹ የነቢያት ቃል ተፈጸመ ብለው አለቀሱ። ታዲያ የቃል ኪዳን በዓላችሁን ስግድን ዛሬም በኢየሩሳሌም ተራራ እየጾማችሁ የምታከብሩት ስለ ምንድን ነው? በ1948 ዋና ረቢዎቻችሁ ባወጡት ጸሎት የእስራኤል መንግሥት «የመቤዠታችን ቡቃያ መጀመሪያ» ተብሏል። የእናንተ መቤዠት ጀምሮ ገና ሳይፈጸም ሊቆይ ይችላል፤ የእኛ ሲሆን ግን ያላለቀ ሥራ ተብሎ ይነቀፋል። ይህ ሚዛን ከየት የመጣ ነው?

የአሽዶዱ መምህር

ስለ ሕዝቤ የሚለውን ማን እንደሚናገረው ከምዕራፉ መጀመሪያ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሰው ይዩ። በ52፥15 ነገሥታት ስለ ባሪያው አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ያልተነገራቸውን አይተው የሚደነቁት፣ ያመነ ማን ነው የሚሉት እነርሱ ናቸው። «ሕዝቤ» የእያንዳንዱ ንጉሥ ሕዝብ ነው፤ ያን ሕዝብ ያሳፈረው ደግሞ የናቁት እስራኤል በእነርሱ በደል መመታቱ ነው። እስራኤል ኃጢአት የለበትም ያልሁበትን ቦታ አላውቀውም። ነገሥታቱ ግን የእኛን ሕዝብ የመቱት ስለ ኃጢአቱ እንዳልነበረ በመጨረሻ ይገባቸዋል ነው የምለው።

በስግድ የምንጾመው ቤተ መቅደሱ ስለሌለ፣ ጦርነቱም ስላልቆመ ነው። ቄሶቻችን የነህምያን የቃል ኪዳን ንባብ ሲያነቡ ማንም ተነሥቶ ተቤዥተናል አይልም። ቡቃያ ያሉትን ረቢዎች የተቃወሙ ሌሎች ረቢዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፤ ቡቃያ የሚሉትም ቢሆኑ ለቡቃያው አይሰግዱም። መሪጌታም በደብረ ዘይት እሑድ ዳግም ምጽአቱን ሲዘምሩ ገና ያልሆነ ነገር እንዳለ ይመሰክራሉ፤ እስከዚህ ድረስ ጎረቤት ነን። ያ ሲሆን የሚመጣው ማን እንደ ሆነ ከወዲሁ በእርግጥ ያወቁት በምዕራፍ 53 ከሆነ ግን፣ ተናጋሪዎቹ ነገሥታት ናቸው ላልሁት ይጻፉልኝ፤ ስለ ኦሪጀንም እንደዚሁ።