ፀሐይ ያልሞቀው ፖስት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ይጮሃል። አንዲት ጽጌረዳ፣ ከሥሯ «መልካም ቀን»። የቱ ቀን? መስከረም አጋማሽ ከሆነ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከደብረ ብርሃን አድማስ በታች 50 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። «ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» ይባል ነበር፤ አሁን አገር የሚያውቀው ፀሐይ ሳይሞቀው ነው።

ለእንዲህ ያለው ምክር አይሠራም፣ ሥዕል እንጂ። በኮምፒውተር የግሩፑን ቻት ወደ ፋይል ኤክስፖርት ማድረግ፣ መልእክቱ በተላከባት ደቂቃ ፀሐይ የት እንደነበረች ማስላት፣ ክብ ሥሎ እያንዳንዱን መልእክት በነጥብ ማስቀመጥ። ጠርዙ አድማስ፣ መሐሉ አናት ነው። የቀኑ ነጥብ ክቡ ውስጥ፣ የሌሊቱ ውጭ ይወድቃል።

የቸኮለ አፍሶ የሚለቅመው ሰዓቱ ላይ ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች ተይዞ ከሆነና 3 ሰዓት ሳይጨምሩ ከወሰዱት ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ምሳ ላይ የጻፈ ሰው ቁርስ ላይ የጻፈ ይመስላል። በሐበሻ አቆጣጠር የተያዘ ሰዓት እንዳለ ከገባ ደግሞ ስሕተቱ 90 ዲግሪ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የጻፈ ጨዋ ሰው የሌሊት ወፍ ሆኖ ያርፈዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከተነሣ አይቀር፣ የሠርግ ጥሪ ላይ «8:00 ሰዓት» ብሎ የሚያሳትም ሰው ምን ይባላል? በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ አይጽፍም። ግማሹ ተጋባዥ በጠዋት መጥቶ በጉ ሲገፈፍ ይመለከታል፣ ግማሹ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደርሶ «ገና ነው እንዴ?» ይላል።

ደግሞም እኩለ ቀን ልክ 6 ሰዓት አይደለም። ሰዓታችን የተቀጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 39 ተኩል ላይ ስለሆነች ፀሐይ የከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ 22 ደቂቃ ዘግይታ ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ 6፡05 ገደማ፣ የካቲት መጀመሪያ 6፡36 ገደማ። ሰኔ ላይ ደግሞ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት ብሎ የተጻፈ ኮድ እዚህ ይከሽፋል። ስሌቱን ማጣራት የፈለገ እንደ ጥንቱ ጥላውን በጫማው ይስፈር። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ 6 ተኩል ወይም 7 ነው፤ ጥላው ቁመቱን ካከለ ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት።

ጥላ ካለ ነው እንግዲህ። «የ13 ወር ፀሐይ» ብሎ መፈክር ያወጣው ሰው ነሐሴን ጣርማበር ተራራ ላይ አላሳለፈም፤ እዚያ ጉሙ ውስጥ እንኳን ጥላ፣ የፊት መኪና መብራትም አይታይ! ደብረ ሲና ደግሞ ከገደሉ ሥር ናት፤ ስሌቱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ሲል ከተማዋ ጋቢዋን ደርባለች። ስለዚህ የምዕራቡን አድማስ ለብቻ ከፍ አድርጎ መሣል ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው።

ጽጌረዳዋስ? ከክቡ ውጭ፣ በምሥራቅ፣ ወደ አፋር በረሃ በኩል ተንጠልጥላለች። ሥዕሉ ግሩፑ ላይ ሲለጠፍ ክቡንና ዙሪያውን የተበተኑትን ነጥቦች አይተው እትዬ የሚመልሱት አይጠፋም፤ «ውይ ስታምር! ይቺስ ምን አበባ ናት?»